ካሜራው የተበላሸበት ቀን፦ የዶክመንተሪ ሠሪው የኤሮል ሞሪስ ጉዳይ

ዲሴምበር 5 ቀን 1986 ኤሮል ሞሪስ ካሜራ ተበላሸበት። ቴክሳስ ውስጥ አንድ እስረኛ ለማነጋገር ቀጠሮ ይዟል። ፊልም ሠሪ ያለ ካሜራ ምን ይሠራል? ቀጠሮውን ግን አልሰረዘም። የካሴት መቅረጫ አስቀምጦ ጥያቄውን ጀመረ። ያ ካሴት በኋላ፣ ሰው ገድለሃል ተብሎ 12 ዓመት የታሰረን ንጹሕ ሰው ለማስፈታት ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ስለ ተሸላሚ ፊልም ሠሪ ሲወራ ወሬው ብዙ ጊዜ ከሽልማቱ ይጀምራል። ሞሪስም ኦስካር አለው። ያገኘው ግን በ2004 ነው፤ ካሴቱ ከተቀዳ ከ17 ዓመት በኋላ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዚህን ሰው ሥራ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው እኔ የማሳየው ኦስካሩን ሳይሆን ካሴቱን ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ወደ መርማሪ ቢሮ

ሞሪስ በ1948 ኒውዮርክ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ልጁ ሁለት ዓመት ሲሆነው ሞተ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተማረ። ከዚያ ፕሪንስተን ገባ፣ አልሆነለትም። በርክሌይ ሄዶ ፍልስፍና ጀመረ፤ እሱንም ሳይጨርስ ተወው። ከበርክሌይ ይዞት የወጣው ነገር የፊልም ፍቅር ነው። እዚያ ካለው የፊልም ማኅደር አይጠፋም ነበር።

የመጀመሪያ ፊልሙ በ1978 ወጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስላሉ የውሻና የድመት መቃብር ቦታዎች ነው። ርዕሱን ሲሰሙት ተራ ይመስላል። ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቨርነር ሄርዞግ «ይህን ፊልም ከጨረስክ ጫማዬን እበላለሁ» ብሎት ስለነበር፣ ፊልሙ ሲያልቅ ጫማውን ቀቅሎ ሕዝብ ፊት በላ። ቀልድ አይደለም፣ ይኸው ራሱ በሌላ ፊልም ሠሪ ተቀርጾ አጭር ዶክመንተሪ ሆኗል።

ሁለተኛው ፊልም በ1981 ወጣ። ሞሪስ መጀመሪያ ያሰበው የመድን ገንዘብ ለመቀበል ብለው የገዛ እጅና እግራቸውን ስለሚያጠፉ ሰዎች ነበር። ወደ ፍሎሪዳዋ ትንሽ ከተማ ወደ ቨርነን ሄዶ ሲጠያይቅ ዛቻ መጣበት። ሐሳቡን ቀየረና እዚያው ከተማ ያሉ ሰዎች ስለ ራሳቸው ሲያወሩ ቀረጸ። ሁለቱንም ፊልሞች ሐያስያን ወደዷቸው። ገንዘብ ግን የለም።

ስለዚህ ሥራ ፈለገ። ያገኘው ሥራ የግል መርማሪነት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ለአንድ የምርመራ ድርጅት መዝገብ እያገላበጠ፣ ሰው እያነጋገረ ኖረ። በሥራ ታሪክ ላይ እንደ ክፍተት የሚታይ ዓመት ነው፤ «ፊልሙ አልሳካ ሲለው» ተብሎ የሚታለፍ። እኔ ግን የቀጣዩ ሥራው ትልቁ ትምህርት ቤት ያ ይመስለኛል። ሰነድ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ሁለት ቃል እንዴት ጎን ለጎን ተደርጎ እንደሚነበብ የተማረው እዚያ ነው።

«ዶክተር ሞት»

በ1985 ሞሪስ ዳላስ የሄደው ሌላ ፊልም ሊሠራ ነበር። ጄምስ ግሪግሰን የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም አለ። ዐቃቤ ሕግ የሞት ፍርድ ሲጠይቅ ይጠራል፣ ተከሳሹን ለአጭር ጊዜ ያነጋግራል፣ ከዚያ ችሎት ቀርቦ «ይህ ሰው ቢለቀቅ ዳግም ይገድላል» ይላል። ከመቶ በላይ በሆኑ የሞት ፍርድ ጉዳዮች መስክሯል። ሰዉ ያወጣለት ቅጽል ስም «ዶክተር ሞት» ነው። በ1995 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አባረረው፤ ይህ ግን በኋላ የመጣ ነው።

ግሪግሰን ለሞሪስ «እስረኞቹን ራስህ አነጋግራቸው» አለው። ከእነሱ መካከል ራንዳል ዴል አዳምስ ነበር። አዳምስ ለሞሪስ የነገረው የግሪግሰን ፈተና እስካሁን ከአእምሮዬ አይወጣም። ሐኪሙ ሥዕል እንዲሥል አደረገው። ከዚያ ሁለት ተረትና ምሳሌ ሰጥቶ «ፍቺው ምንድን ነው?» አለው። አንዱ ስለሚንከባለል ድንጋይ፣ ሌላው በእጅ ስላለች ወፍ ነው። ሰው በምሳሌያዊ አነጋገር ተፈትኖ አደገኛ ነው ተባለ።

አዳምስ «እኔ አልገደልኩም» አለ። ይህን የሚል እስረኛ ብዙ ነው። ሞሪስም መጀመሪያ አላመነውም። ኦስቲን ሄዶ የችሎቱን መዝገብ ሲያነብ ነው ነገሩ የከነከነው።

ምን ሆኖ ነበር?

ኖቬምበር 28 ቀን 1976፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። የዳላስ ፖሊስ ሮበርት ዉድ የፊት መብራት ያላበራ መኪና አስቆመ። ወደ ሾፌሩ ሲጠጋ ተተኮሰበትና ሞተ። መኪናው አመለጠ። አብራው የነበረችው ፖሊስ ታርጋውን በትክክል መያዝ አልቻለችም።

ቀኑ ገፋ። በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ካለችው ከቪዶር ከተማ ወሬ መጣ። ዴቪድ ሃሪስ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ «ዳላስ ውስጥ ፖሊስ ገደልኩ» እያለ ለጓደኞቹ ይፎክራል። መኪናውን የሰረቀው እሱ ነው። ሽጉጡም የአባቱ ነው። ሲያዝ ግን ቃሉን ለወጠ፦ ጉራ ነው የነዛሁት፣ የገደለው በዚያ ቀን መንገድ ላይ ያሳፈርኩት ሰው ነው አለ።

ያ ሰው አዳምስ ነበር። ከኦሃዮ መጥቶ ዳላስ ሥራ የጀመረ፣ 28 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ምንም የወንጀል ታሪክ የሌለው ሠራተኛ። ያን ቀን ቤንዚን አልቆበት ጀሪካን ይዞ ሲሄድ ሃሪስ አሳፈረው። አብረው ዋሉ፣ ማታ ፊልም አዩ። አዳምስ ከዚያ በኋላ ወደ ማደሪያዬ ገብቼ ተኛሁ ይላል።

እንግዲህ አስቡት። መኪናው የሃሪስ፣ ሽጉጡ የሃሪስ፣ ፉከራው የሃሪስ። የተፈረደበት አዳምስ። ለምን? ሞሪስ ጮክ ብሎ አይናገረውም፣ ፊልሙ ውስጥ ያሉት ጠበቆች ግን ይሉታል። የ16 ዓመት ልጅ በቴክሳስ ሕግ በሞት አይቀጣም። የ28 ዓመት ሰው ይቀጣል። ፖሊስ ተገድሏልና አንድ ሰው በሞት መቀጣት ነበረበት።

ሌሎች ምስክሮች ደግሞ በችሎቱ መጨረሻ ላይ ብቅ አሉ። በዚያ ሌሊት በመኪና ስናልፍ አዳምስን አይተናል የሚሉ መንገደኞች ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ በመዝጊያ ንግግሩ ፖሊስ ኅብረተሰቡን ከሥርዓት አልበኝነት የሚለይ «ቀጭን ሰማያዊ መስመር» ነው አለ፤ ዳኛው ዕንባዬ መጣ ብሎ በፊልሙ ይናገራል። የፊልሙም ርዕስ ከዚያ ነው፦ «ዘ ቲን ብሉ ላይን»።

በ1977 ሞት ተፈረደበት። የመገደያው ቀን ሜይ 8፣ 1979 ሆነ። ሦስት ቀን ሲቀረው ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አንዱ እገዳ ሰጠ። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ የሞት ፍርዱን ሻረ። የሻረው ግን አዳምስ ንጹሕ ነው ብሎ አይደለም፤ ጁሪው፣ ማለትም ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ የተመረጠበት መንገድ ሕግ የጣሰ ነው ብሎ ነው። ከዚያ የቴክሳስ ገዥ ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ ቀየረለት። እንደ ምሕረት ይመስላል። ውጤቱ ግን አዲስ ችሎት አያስፈልግም ማለት ነበር። መዝገቡ ተዘጋ፣ አዳምስም ውስጥ ቀረ።

ሰው ሲያወራ መተው

አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን እያደር የጠራ ነገር አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት አደረ፣ አልጠራም። የጠራው አንድ ሥራ የፈታ ፊልም ሠሪ ከሁለት ዓመት በላይ መዝገብ ስላነበበና ሰው ስላነጋገረ ነው።

አነጋገሩ የራሱ መንገድ አለው። ሞሪስ ሰውን በጥያቄ አያጣድፍም። አንድን ሰው ሳታቋርጠው ለጥቂት ደቂቃ ከተውከው፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ራሱ ያሳይሃል ባይ ነው። ዳኛው፣ ፖሊሶቹ፣ ጠበቆቹ፣ ምስክሮቹ ካሜራው ፊት ተቀምጠው ያወራሉ። አንዷ ምስክር ከእነ ኩራቷ ትናገራለች፦ ገና ከልጅነቴ መርማሪ መሆን እመኝ ነበር ትላለች። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ተሰልፈው ከቀረቡት ሰዎች መጀመሪያ የመረጠችው ሌላ ሰው እንደነበር፣ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የነገራት ፖሊስ እንደሆነም ታወራለች። ይህን ማንም አላስገደዳትም። ተራኪ ድምፅ «ይህች ሴት አትታመንም» አይልም። ፊልሙ ተራኪ የለውም። ተመልካቹ ራሱ ይሰማና ራሱ ይደነግጣል።

ከዚያ ደግሞ ብዙ ክርክር ያስነሣው ነገር አለ። ሞሪስ ግድያውን በተዋንያን አስመስሎ ቀረጸው። መብራቱ፣ መኪናው፣ ሽጉጡ፣ ከፖሊሷ እጅ ወጥቶ አየር ላይ የሚበር ሚልክሼክ። የፊሊፕ ግላስ ሙዚቃ ከሥር ይዞራል። በጊዜው ብዙ ሰው ይህ ዶክመንተሪ አይደለም አለ። ዶክመንተሪ የሆነውን ያሳያል እንጂ እንዴት ያልተቀረጸን ነገር በትወና ያሳያል?

ተቃውሞው ይገባኛል። ዛሬ በየቴሌቪዥኑ የምናየው የወንጀል ፕሮግራም በትወና የሞላ ነው፤ ብዙው ደግሞ የጋዜጠኛውን ግምት እውነት አስመስሎ ያቀርባል። የሞሪስ ግን እንደዚያ አይደለም። ትዕይንቱ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ በተመለሰ ቁጥር ግን የተለየ ነው። አንዴ መኪናው ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ አንዴ ሁለት። እያንዳንዱ ትዕይንት የአንድ ምስክርን ቃል ነው የሚያሳየው። ሞሪስ ራሱ በእርግጥ ሆኗል ብሎ የሚያምነውን ግን አንድም ጊዜ አልቀረጸውም። ትወናው የተሠራው ውሸቱን በዓይን እንድናየው ነው። ቃል በጆሮ ሲሰማ ያለፈው ነገር፣ ምስል ሲሆን «ይህማ ሊሆን አይችልም» ያሰኛል።

ካሴቱ

ሃሪስ በዚህ መሀል ሌላ ሰው ገድሎ ሞት ተፈርዶበት ነበር። በ1985 ቦሞንት ከተማ ውስጥ ነው የገደለው። ልብ በሉ፣ በ1976 ትክክለኛው ሰው ቢያዝ ኖሮ ይህኛው ሟች አይሞትም ነበር። የተሳሳተ ፍርድ የሚጎዳው የታሰረውን ብቻ ይመስለናል።

ሞሪስ ሃሪስን መጀመሪያ በካሜራ ቀርጾታል። ሲያወራ ፈገግ ይላል፣ ትሑት ነው፣ ደግ ልጅ ይመስላል። የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ነው ካሜራው የተበላሸው። ለዚህ ነው በፊልሙ መጨረሻ የሰው ፊት የማናየው። ጠረጴዛ ላይ ያለ መቅረጫ ብቻ ነው የሚታየው። ካሴቱ ይዞራል። ድምፁ ይሰማል።

ሞሪስ አዳምስ ንጹሕ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ሃሪስ እርግጠኛ መሆኑን ይናገራል። እንዴት እርግጠኛ ሆንክ ሲለው፣ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ እንደሆነ ይመልሳል። «ገደልኩ» የሚል ቃል አልወጣውም። ከዚያ የባሰው ይመጣል። አዳምስ ለምን እስር ቤት ገባ ለሚለው፣ ምናልባት ያን ሌሊት ማደሪያ ቢሰጠኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስበትም ነበር የሚል ነገር ይናገራል። አንድ ሰው ማደሪያ ስለተከለከለ፣ ሌላው ሊገደል ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ካሜራው ባይበላሽ ይህ ትዕይንት ይህን ያህል ባልከበደም ይመስለኛል። ፊት ቢኖር ፊቱን እናይ ነበር፤ ፈገግታው ያዘናጋን ነበር። ፊት ሲጠፋ ቃሉ ብቻ ቀረ።

ፊልሙ በ1988 ወጣ። የኒውዮርክ የፊልም ሐያስያን የዓመቱ ምርጥ ዶክመንተሪ ብለው ሸለሙት። ኦስካር ግን ለዕጩነት እንኳ አላቀረበውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ዳላስ ውስጥ አዲስ ችሎት ተሰየመ፤ ሃሪስም ቀርቦ አዳምስ በመኪናው ውስጥ እንዳልነበረ መሰከረ። ማርች 1 ቀን 1989 የቴክሳስ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ። ማርች 21 አዳምስ ወጣ። ዐቃቤ ሕግም ክሱን ተወው።

ከዚያ የመጣው ክስ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለን ነበር። አዳምስ ከተፈታ ብዙም ሳይቆይ ሞሪስን ከሰሰ።

ነገሩ ውል ነው። አዳምስ እስር ቤት ሳለ የሕይወት ታሪኩን መብት ለሞሪስ የሚሰጥ ወረቀት ፈርሟል። ሲወጣ የራሱ ታሪክ የራሱ አልነበረም። ጉዳዩ ችሎት ሳይደርስ በዚያው በ1989 በስምምነት አለቀ፤ አዳምስ መብቱን መልሶ አገኘ። ጋዜጦች «ያዳነውን ከሰሰው» ብለው ጻፉ። አዳምስ ለገንዘብ ብዬ አይደለም ብሏል።

ይህን ጉዳይ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሞሪስን ክፉ አደረገ ማለት አልችልም። እንዲህ ያለ ውል በፊልም ሥራ የተለመደ ነው፤ ያለ እሱ የሚያሠራጭ ድርጅት ፊልሙን አይቀበልም። ግን አዳምስንም አልወቅሰውም። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው የሚቀርብለትን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል። 12 ዓመት ሙሉ ሕይወቱን ሌላ ሰው ሲያዝበት ኖሯል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ መልሶ መያዝ የፈለገው ነገር የገዛ ታሪኩን ነው። የዶክመንተሪ ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ የሚጠይቁትን ያህል ስለዚህ ወረቀት ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። ፊርማው መቼ ተፈረመ? የፈረመው ሰው በዚያ ቀን እምቢ ማለት ይችል ነበር?

ሞሪስ በዚያው ዓመት የማክአርተር ፌሎሺፕ የሚባል ትልቅ የገንዘብ ድጋፍ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ረጅም ዓመት ኑሮውን የደገፈው ማስታወቂያ ነው፤ ለትልልቅ ኩባንያዎች ብዙ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠርቷል። ቃለ መጠይቅ የሚቀርጽበትን መሣሪያም ፈጠረ። ተጠያቂው ሌንሱን ሲያይ የሞሪስን ፊት በመስታወት ውስጥ ያያል፤ ስለዚህ የሚያወራው ለሞሪስ ሆኖ ሳለ እኛን ዓይን ለዓይን ያየናል። ስሙን ባለቤቱ አወጣችለት፦ ኢንተሮትሮን። የቀድሞው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ማክናማራ በ85 ዓመታቸው ከዚህ መሣሪያ ፊት ተቀምጠው ስለ ቬትናም ጦርነት ከ20 ሰዓት በላይ ተናገሩ። ያ ፊልም ነው በ2004 ኦስካር ያገኘው። ሞሪስ መድረክ ላይ ወጥቶ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በመጨረሻ ከፊልሞቼ አንዱን አወቀልኝ ብሎ አመሰገነ። በ2008 ደግሞ ኢራቅ ውስጥ ስለነበረው የአቡ ግራይብ እስር ቤት ፎቶዎች የሠራው ፊልም በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የብር ድብ ሽልማት አገኘ። በዚያኛው ላይ ለአንዳንድ ተጠያቂዎች ገንዘብ መክፈሉ ተቃውሞ አስነሣበት፤ መክፈሉን አልካደም።

ኦስካሩን ያገኘው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2004 ነው። ከአራት ወር በኋላ፣ ጁን 30፣ ዴቪድ ሃሪስ በቦሞንቱ ግድያ ቴክሳስ ውስጥ በሞት ተቀጣ። ስለ ሮበርት ዉድ ግድያ ግን ተከሶ አያውቅም።

አዳምስ ከእስር ከወጣ በኋላ የሞት ቅጣትን እየተቃወመ ተናገረ፣ አገባ፣ ወደ ኦሃዮ ተመለሰ። በይፋ ምሕረት ስላልተሰጠው ቴክሳስ ካሳ አልከፈለችውም። ከጊዜ በኋላ በወጣው ሕግ ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ የእስር ዓመት 80,000 ዶላር ይገባው ነበር። ኦክቶበር 30 ቀን 2010 በአንጎል ዕጢ ሞተ፤ 61 ዓመቱ ነበር። ዝም ብሎ መኖር መርጦ ስለነበር ጋዜጦች መሞቱን የጻፉት በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ነው።